አንዴ አመቻችተሽ ቁሚ

ልጄ ቅዳሜ ለትምህርት ቤቷ የዳርት ቡድን ትፈተናለች። ሳሎን ውስጥ ትንሿን ቀስት ወደ ሰሌዳው እየወረወረች ስትለማመድ እግሯን አየሁና ንድድ አለኝ። አንዴ ቀኙን ታስቀድማለች፣ አንዴ ግራውን፤ ዳርቱም ከሰሌዳው ይልቅ ግድግዳዬን ይበሳል።

እኔም በልጅነቴ እንጦጦ ማርያም ስናስቀድስ፣ የድንጋዩ ብርድ ባዶ እግሬን ሲቆረጥመኝ እንዲሁ እቁነጠነጥ ነበር። እናቴ በነጠላዋ ስር ቆንጠጥ አድርጋኝ፣ «እሳት ላይ ነው እንዴ የቆምሽው? ያደከመሽ እግር መለዋወጡ ነው። አንዴ አመቻችተሽ ቁሚ!» አለችኝ።

ይህንኑ ለልጄ ነገርኳት።

«እሺ እማዬ፣ ቆመሽ አሳዪኛ!» ብላ ዳርቱን አስጨበጠችኝ።

ግራዬን አስቀደምኩ፤ አልተመቸኝም። ቀኜን አስቀደምኩ።

«እማዬ፣ አንቺም እሳት ላይ ነሽ እንዴ?» ብላ ሳቀች።

የምትስቅ ልጅ ሰጥቶኛል፣ ተመስገን። ቅዳሜ ግን ደርሷል፤ እሷም እኔም ገና አንድ ቦታ አልቆምንም።