በሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ዙፋኑን የለቀቀው ንጉሥ

የታሪክ መምህሩ ከደብረ ታቦር ተመድቦ መተማ ዮሐንስ ከመጣ ገና ሁለት ወሩ ነበር። የከተማውን ጉድ አያውቅም። ቢያውቅ ኖሮ ባዘጋጀው ድራማ ውስጥ እኔ ሴቲቱን፣ እሱ ደግሞ ንጉሡን ሆነን እንድንጫወት አይፈቅድም ነበር።

እሱ የምለው ዛሬ ባሌ ነው። ያኔ ባጃጅ ይነዳል፤ እኔ ጉምሩክ አጠገብ የነጋዴ ዕቃ ከጉምሩክ ለሚያስወጣ አንድ ትራንዚተር የጭነት ሰነድ እሞላለሁ። በልጅነቴ ለነጋዴ ተድሬ፣ ትዳሩ አልሆን ብሎኝ ፈትቼ አባቴ ቤት ተመልሻለሁ። እኔና ባለባጃጁ እንደምንዋደድ ከኬላው እስከ መናኸሪያው የማያውቅ ሰው አልነበረም። እናቱ ግን «ፈት ለልጄ አላመጣም» ብለው ሽማግሌ እንዳይላክ ከልክለዋል። ማንም ደፍሮ አልሄደልንም።

መምህሩ የከተማውን ወጣቶች ለድራማው ሰብስቦ ታሪኩን ሲነግረን እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር።

«የእንግሊዝ ንጉሥ ነው» አለ። «ነግሦ ዓመት ሳይሞላው፣ ዘውዱን እንኳ ሳይደፋ፣ ባል የፈታች ሴት አፈቀረ። እሷን አገባለሁ አለ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ እምቢ፣ ቤተ ክህነቱ እምቢ፣ እናቱ እምቢ። ዙፋኑን ለታናሽ ወንድሙ ለቀቀና ከአገር ወጣ።»

ከዚያ አንዱ ሳቁን መያዝ አቃተው፤ ተከትሎ ሁሉም ፈነዳ። መምህሩ ግራ ተጋብቶ ያየናል። «ምን አጠፋሁ?» አለ። ጆሮዬ ድረስ ቢሞቀኝም ተነሣሁ። «ምንም አላጠፉም መምህር፤ እኔ እጫወታለሁ» አልኩ። ባለባጃጁም ከበሩ ሥር እጁን አወጣ።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። ዘውዱን ከዘይት ቆርቆሮ ቆረጥን። ካባው የሱዳን ሴቶች የሚለብሱት ቀይ ቶብ ሆነ፤ ከድንበሩ ማዶ አንዲት የገላባት ነጋዴ ናት ያዋሰችን። ዙፋኑ የጸጉር ቤት ወንበር ነው፤ ይሽከረከራል። አዳራሽ ስላልነበረን አንድ ባለሀብት ባዶ የሰሊጥ መጋዘናቸውን ፈቀዱልን፤ ሐምሌ ስለነበር ሰሊጡ ገና ከማሳ ነው።

በድራማው ቀን ከቀትር በኋላ መጋዘኑ ጢም አለ። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ መኪናቸውን አቁመው የመጡ ሾፌሮች፣ ለአረም ከደጋ የወረዱ ወዛደሮች ገና ጭቃቸው ሳይደርቅ። ሁሉም ለእንግሊዝ ንጉሥ አልመጣም፤ እኛን ሊያይ ነው የመጣው። በመጋረጃው ቀዳዳ ሳይ እናቱ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል።

«መጥተዋል» አልኩት።

«አይቻለሁ» አለ። የቆርቆሮ ዘውዱ በላብ ግንባሩ ላይ ይንሸራተታል።

ንጉሡ ዙፋኑን መልቀቁን በሬዲዮ የሚያሳውቅበት ትዕይንት ላይ ስንደርስ ዝናቡ የመጋዘኑን ቆርቆሮ ይደበድበው ጀመር። የማይክራፎኑም ድምፅ ጠፋ። በዝግታ የተለማመድነውን ንግግር እየጮኸ መናገር ግድ ሆነበት። «ያለዚች ሴት የመንግሥቱን ሸክም ልሸከም አልችልም!» ብሎ ሲጮህ ወዛደሮቹ በፉጨት ቀወጡት።

ያኔ ከፊት ረድፍ አንድ አዛውንት ገበሬ በትራቸውን ይዘው ተነሡ። «ቆይ ልጄ! ቆይ!» አሉ። «ሽማግሌ ሳይላክ ዙፋን ይለቀቃል? እናትየዋ ዘንድ ማን ሄደ?»

መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። መምህሩ ከመጋረጃው ጀርባ አንገቱን አወጣ። «አባቴ፣ የሆነ ታሪክ ነው፤ አይለወጥም።»

«በዚያ አገር ሽማግሌ የለም ነው የምትለኝ? በዚያው ዓመት የእኛም ንጉሥ ተሰደው እዚያው እንግሊዝ አገር ነበሩ። እሳቸውን ቢጠይቅ ስደት ምን እንደሚመስል ይነግሩት ነበር!»

ሰው ሁሉ አጨበጨበ። የእኔ ንጉሥ ከወንበሩ ተነሣ፤ ዘውዱን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ። እንዲህ አለ፤ በድራማው ውስጥ ያልተጻፈ ነገር ነው፦

«አባቴ፣ ሽማግሌ ለምኜ ነበር። የሚሄድልኝ አጣሁ።»

የሕዝቡ ዓይን ሁሉ ወደ ሁለተኛው ረድፍ ዞረ። እኔ ቀጥሎ የምለው ከአእምሮዬ በኖ ጠፋ። እናቱ ግን ፊት ለፊት እንዳዩ ናቸው፤ ቅንድባቸው እንኳ አልተነቃነቀም።

ያዳነን ባጃጁ ነው። በታሪኩ ንጉሡ የወጣው በመርከብ ነው፤ እኛ መርከብ ከየት እናመጣለን? በትልቁ በር ባጃጁን አስገባን፤ ንጉሡም ከነካባው መሪውን ጨብጦ፣ ጡሩምባ እየነፋ ዝናቡ ውስጥ ገባ። ሰው ወንበር ላይ ቆሞ ሸኘው። እልልታው እስከ ገላባት ሳይሰማ አልቀረም።

ከዚያ የስደቱ ዘመን መጣ። እኔ ጸጉሬ ላይ ዱቄት ነስንሼ አሮጊት ሆኛለሁ። ፓሪስ ውስጥ ትልቅ ቤት፣ ውሾች፣ እንግዳ የማያጣ ማዕድ፤ ሥራ ግን የለም። ንጉሡ እናቱ ሞቱ የሚል መልእክት ይደርሰዋል። ካፖርቱን ይለብሳል።

«እኔስ?» እለዋለሁ።

«አንቺን አልጠሩሽም። ብቻዬን ነው የምሄደው።»

ይህን እንዳለ የባለባጃጁ እናት ከሁለተኛው ረድፍ ብድግ አሉ። የሰው ጉልበት እየገፉ ወጡ፤ ጃንጥላም አልያዙም። እሱ ሊከተላቸው ሲል ካፖርቱን ጨምድጄ ያዝኩት። «ጨርስ» አልኩት በሹክሹክታ። ጨረስን። ንጉሡ በሰው አገር ሞቶ አስከሬኑ ወደ አገሩ ሲገባ የሚያለቅስም፣ የሚያጨበጭብም ነበር። እኔ ግን ሁሉም ነገር አበቃለት ብዬ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሾፌሮች ሰነድ ሊያስሞሉ ተሰልፈውብኛል። ቀና ስል እናቱ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ያች እናት» አሉ ሰላምታም ሳይሰጡ፣ «ምራቷን አንድ ቀን እንኳ ቤቷ አላስገባቻትም?»

«አላስገቧትም፣ እማማ።»

«እስክትሞት?»

«እስኪሞቱ።»

የሰነድ ካርቶኑ ላይ ተቀመጡ። «እኔ ሱዳን፣ ገዳሪፍ በስደት ሳለሁ ነው እናቴ የሞተችው» አሉ። «መርዶው የደረሰኝ ሣር ከበቀለባት በኋላ ነው። አፈሯን እንኳ አላለበስኳትም። ትናንት ያ ልጅ ካፖርቱን ሲለብስ እናቴ ትዝ አለችኝ።» ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያዩ ጠየቁኝ። «ልጄ ባጃጁን ይዞ ይህን ከተማ ለቆ አብርሃ ጅራ ሊገባ ነው ይባላል። ልትከተይው ነው?»

መዋሸት አልቻልኩም። «አዎ» አልኩ።

«አትሄዱም። እሑድ አባትሽ ከቤት ይኖራሉ?»

ጮኽኩ። እስክሪብቶው ከእጄ ተስፈንጥሮ ሾፌሮቹ እግር ሥር ወደቀ። ሾፌሮቹ ሌባ የያዝኩ መስሏቸው ወደ ውስጥ ገቡ፤ ነገሩ ሲገባቸው ወደየመኪናቸው ሮጠው ጡሩምባ ነፉልን። እማማ «እናንተ ደግሞ!» እያሉ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሲስቁ መጀመሪያ ያየሁት የዚያን ቀን ነው።

እሑድ ሽማግሌ መጣ። አባቴ በወጉ «እንመካከርበት» ብለው ለሳምንቱ ቀጠሩ እንጂ፣ ፊታቸው ላይ ደስታው ተጽፎ ነበር። ሰሊጡ ተሰብስቦ በጥር ተጋባን፤ ዛሬም ከእማማ አጥር ተጋርተን እንኖራለን።

የንጉሡን ታሪክ አሁን ለጎረቤት የሚያወሩት እሳቸው ናቸው። እኔን ግን ያስቀኛል፤ ለንጉሡ የሚያዝኑለት እስከ መርከቡ ድረስ ብቻ ነው። «ከዚያ በኋላማ ምን ሠራ?» ይላሉ እጃቸውን እያወናጨፉ። «አንድ ደሴት ላይ ጥቂት ዓመት ገዥ አደረጉት፤ የቀረውን ዕድሜውን ድግስ ለድግስ! የሚወዳትን ያገኘ ሰው ጠዋት ተነሥቶ ሥራ ይሠራል እንጂ!» ይሉና አጥሩን ተሻግረው «አንተ! ባጃጁን አልቀሰቀስከውም እንዴ?» ብለው ይጣራሉ።