የየኔታ ትራስ

የያዙኝ ጣና ዳር የደንገል ታንኳዬን እንዲደርቅ ፀሐይ ላይ ሳቆም ነው። በባሕር ዳር እኔን የሚያህል ቀዛፊ አልነበረም፤ በቀልድም እንደዚያው። ያስያዘኝም ቀልዱ ነው፤ ጠላ ቤት ውስጥ ስለ ቀበሌያችን ሊቀመንበር ሆድ የተናገርሁት።

የገባሁበት ክፍል ሰው በጎኑ ተጣብቆ የሚተኛበት ነው። አንዱ ሲገለበጥ ሁሉም ይገለበጣል። አዲስ ገቢ የሚተኛው ከሽንት ባሊው አጠገብ ነው። እዚያ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ፤ የደሴት ገዳም ቄስ፣ የዜማ መምህር። ሁሉም የኔታ ይሏቸዋል። እሳቸው አዲስ አይደሉም። ድምፃቸው ስለተዘጋና ስለሚያስሉ እስረኞቹ የሳንባ በሽታ ነው ብለው ፈርተው ገፍተዋቸው ነው።

«የኔታ፣ ጎረቤት ሆንን» አልኋቸው።

«እንኳን ደህና መጣህ ልጄ፣ ሽታው ለሁለታችንም ይበቃል።» ድምፃቸው ገለባ ሲረገጥ ይመስላል።

ተማሪዎቻቸው ፌጦ በሎሚ ይልኩላቸዋል። ቀኑን ሙሉ ጾመው ይውሉና ሲመሽ የእስር ቤቱን የሚያቃጥል ሽሮ በልተው፣ ፌጦውን ውጠው፣ ጋደም ይላሉ። ጠዋት ድምፅ የለም።

አብሮን የታሰረ አንድ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ነበር። አንድ ቀን ጉሮሯቸውን በመስኮቱ ብርሃን አየና «ጠዋት አፍዎን ይኮመጥጥዎታል?» አላቸው።

«እንዴታ!»

«ትኩሳት የለዎት፣ ደም የለዎት፤ ይሄ ሳንባ አይመስለኝም። የጨጓራ ውሃ ነው። ሲተኙ ወደ ላይ እየወጣ ጉሮሮዎን ይልጠዋል።»

«ቃር እኮ የለብኝም።»

«ደረት ሳያቃጥል ጉሮሮ ብቻ የሚበላም አለ። ፌጦና ሎሚውን ይተዉት። በልተው ወዲያው አይተኙ። ሲተኙም ከወገብዎ በላይ ቀና ይበሉ።»

«በምን ትራስ?» አለ አንዱ እየሳቀ።

«በኔ!» አልሁ። «ይሄ ደረት የጣናን ማዕበል የመለሰ ነው።»

ከዚያ ወዲያ እኔ ግድግዳ ተደግፌ እቀመጣለሁ፣ እሳቸው ደረቴን ተደግፈው ይተኛሉ። እንደ ደረቀ ደንገል ቀላል ናቸው።

«የኔታ፣ ለድምፅዎ እንዲህ የሚጨነቁት ዘፈን ሊያወጡ ነው?»

«ከዚህ ተጠርቶ የወጣው ሁሉ ፍትሐት አላገኘም፣ ልጄ። ሰው በሹክሹክታ አይሸኝም።»

ለዚህም ብለው የሁላችንንም የክርስትና ስም ጠይቀው ይዘዋል። ድሬሰሩ ብቻ «እኔ ይሄን ትቻለሁ አባቴ» እያለ ይስቃል።

ድምፃቸው እየተመለሰ ሳለ፣ በእኩለ ቀን በሩ ተከፈተ። የተጠራው ድሬሰሩ ነው። «ዕቃህን ተወው» አሉት። በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ። የክርስትና ስሙን ለየኔታ ነገራቸውና ወጣ።

በማግስቱ ሚስቱ ያመጣችው ስንቅ ከውጭው በር ተመለሰ። ምልክቱን ሁላችንም እናውቀዋለን።

የኔታ ተነሡ። ጉሮሯቸውን እንኳ አልጠረጉም። በክርስትና ስሙ ጠርተው ፍትሐቱን ጀመሩ። ያ ድምፅ ከዚያ ከሲታ ሰውነት የሚወጣ አይመስልም። ወደ ባሊው የገፏቸውም ሳይቀሩ ሁላችን ቆምን። ዘበኛው በሩን ደበደበ።

«ዝጉት እሱን!»

«ጓድ፣ ሬዲዮ መሰለህ እንዴ? መዝጊያ የለውም!» አልሁት።

ገብቶ በጥፊ አጮለኝ። የኔታ አላቋረጡም። እስኪጨርሱ ማንም አልተቀመጠም።

ብዙም ሳይቆይ እሳቸውም ተጠሩ። ፍትሐት የሚያውቅ ሰው አልቀረም። እንደዚያ ቀን ሁላችንም ቆምን፤ እኔም ቀልድ አጣሁ።

አሁን ተፈትቼ ወደ ታንኳዬ ተመልሻለሁ፤ ዛሬም የሚቀድመኝ የለም። ሲመሽ ግን ግድግዳ ተደግፌ እቀመጣለሁ። እናቴ «ኧረ ጋደም በል» ትለኛለች። ደረቴ በጣም ቀለለኝ፤ እንቅልፍ አልወስደኝ አለ።