ወንድሜ የመረጠው ጥይት

ዓርብ ነበር። ወንድሜ ከጫካ ከተመለሰ ሦስተኛ ቀኑ። ጭሮ፣ ቤታችን በረንዳ ላይ፣ እግሩን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሮ ተቀምጧል። የቀኝ አውራ ጣቱ ጥፍር ጠቁሮ ነበር። እኔ ጥፍር መቁረጫ ይዤ ፊቱ ተንበርክኬያለሁ።

"ቀስ በል እንጂ፤ በዚህ እግር ነው የምንበላው" ይለኛል።

ወንድሜ ዱካ ተከታይ ነበር። አዲስ አበባ የሚኖር፣ በመንግሥት ፈቃድ የሚያሳድን አንድ ሰው አለ። የውጭ አገር እንግዶችን ይዞ እኛ ዘንድ ወዳሉት ተራሮች ይመጣል። የሚታደነው የደጋ አጋዘን ነው፤ ያረጀ ወንድ ብቻ። እንግዳው ይተኩሳል። ቆስሎ የሸሸውን ተከትሎ የሚያገኘው ወንድሜ ነው። ለራሱ ጠመንጃ ኖሮት አያውቅም።

ጥፍሩን ቆርጬ ሳልጨርስ ከአዲስ አበባው አለቃው መልእክት መጣ። ጠመንጃ ይዘው ለማይመጡ እንግዶች አንድ ሊገዛ ነው። ጥይቱ ሰባት ሚሊሜትር ይሁን ወይስ ዘጠኝ ነጥብ ሦስት? "አንተ ምን ትላለህ?" ይላል።

ወንድሜ ሁለት ጊዜ አስነበበኝ። ያን ሁሉ ዓመት ሲሠራ ሐሳቡን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ለእናታችን ካልነገርኩ አለ።

"እማዬ! አለቃዬ ምክር ጠየቀኝ።"

"ስለ ምን?"

"ስለ ጥይት።"

"እኔ ደግሞ ስለ ሚስት መስሎኝ" አለችና ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ወንድሜ ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ያቆመው እኔ እንድማር ነው። ስለዚህ መልእክቱን የምጽፍለት እኔ ነኝ።

"ጻፍ፣ ተማሪው። ዘጠኙ ይሻላል በል።"

እኔ ስልኬ ላይ ፈልጌ ነበር። "ሰባቱ እኮ በጣም ይፈጥናል። ሩቅም ይደርሳል" አልኩት።

"ሩቁ ምን ያደርግልሃል? አጋዘኑ ከአስታው ቁጥቋጦ የሚወጣው በጉም ነው። ቢርቅ ከዚህ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ነው።"

ከዚያ እግሩን ከውሃው አውጥቶ ያስረዳኝ ጀመር። ቀላሉና ፈጣኑ ጥይት በቅርብ ሲተኮስ የትከሻ አጥንት ላይ ይበታተናል። ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ በሌላው ጎን አይወጣም። ቀዳዳው አንድ ብቻ ከሆነ ደሙ ሆድ ውስጥ ይቀራል፤ መሬት ላይ የሚፈሰውን ጥቂቱን ደግሞ ዝናቡ ያጥበዋል። ከባዱ ጥይት ግን አጥንቱን ሰብሮ ያልፋል። ያኔ ደሙ ከሁለት በኩል ይንጠባጠባል፤ ዱካው አይጠፋም። ባለፈው ዓመት በሰባቱ የተመታ አንድ አጋዘን ሁለት ቀን እንደተከተሉ፣ ሲደርሱበት ጅብ እንደቀደማቸው ነገረኝ። ያንን ሲናገር ድምፁ ቀነሰ።

"እንግዲያው ከዘጠኙም የሚበልጠውን ለምን አይገዛም?" አልኩት። ልከራከረው ፈልጌ ነው።

"ትልቁ ሲተኮስ የተኳሹን ትከሻ ይመታል። እንግዳው አንዴ ከቀመሰው በኋላ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚተኩሰው። መካከለኛው ይበቃል። ጻፍ በቃ።"

ጻፍኩ። ግን... ይህን መጻፍ ይከብደኛል። የጻፍኩት ሰባቱን ነው። "ሰባቱ ይሻላል፣ ፈጣን ነው፣ ሩቅ ይደርሳል" ብዬ በእሱ ስም ላክሁ። አለቃው የተማረ ሰው ነው፤ ወንድሜን እንዳይንቀው ብዬ ነው። ቢያንስ ለራሴ ያልኩት እንደዚያ ነው።

"ላክኸው?"

"ላክሁት።"

"እስቲ አንብብልኝ።"

ስልኩን ይዤ እያየሁ፣ የተጻፈውን ሳይሆን እሱ ያለውን አነበብኩለት። ራሱን ነቀነቀ። "አሳምረህ ጽፈሃል" አለኝ። ጭንቅላቴን በእርጥብ እጁ ዳበሰኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ለአንድ ጉዳይ ወደ ገለምሶ ሄደ። ዝናብ ነበር። የተሳፈረበት ሚኒባስ መንገድ ስቶ ተገለበጠ። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ተርፈዋል። እሱን ማታ ቤት አመጡት። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

በማግስቱ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ነበር። አለቃው ከአዲስ አበባ ሌሊት ተነስቶ ደረሰ። እናቴን አቅፎ አለቀሰ። ከዚያ ከለቀስተኞቹ መካከል ቆሞ ስለ ወንድሜ መናገር ጀመረ። "ከትናንት ወዲያ እንኳ አማክሬው ነበር። ሰባቱ ይሻላል አለኝ። እሱ ካለ ብዬ ነጋዴው ጋ ደውዬ አስይዣለሁ።"

ከወንድሜ ጋር ዱካ ይከተሉ የነበሩ አንድ የኦሮሞ ሽማግሌ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቀና አሉ።

"እሱ? እሱ ሰባት አይልም። ያን ሰባት እኔና እሱ ሁለት ቀን ገደል ውስጥ አየነው። ኦቦሌሳዬ፣ ወንድሜ፣ እንዲህ አይልም።"

"ራሱ ነው የጻፈልኝ፣ አባቴ" አላቸው አለቃው በትሕትና።

ሽማግሌው ቅር እንዳላቸው ያስታውቅ ነበር። ወንድሜ ለእሳቸው ሌላ፣ ለአለቃው ሌላ የሚናገር ሰው መስሎ ታያቸው። አንድ ቀን ቢጠየቅ የመለሰው መልስ ይኸው ሆኖ ሊቀር ነው። አስከሬኑ ገና ከቤት አልወጣም።

ተነሳሁ። አለቃውን በክንዱ ይዤ ከድንኳኑ ኋላ ወሰድኩት።

"ጋሼ፣ መልእክቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሱ ያለው ዘጠኙን ነው። እኔ ነኝ የቀየርኩት። ሳያውቅ ነው የሞተው።"

አየኝ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። "ምን ነበር ያለው? እንዳለው ንገረኝ" አለኝ።

ነገርኩት። ስለ ጉሙ፣ ስለ ትከሻው አጥንት፣ ከሁለት በኩል ስለሚንጠባጠበው ደም። ዓይኑን ጨፍኖ ስለሚተኩሰውም እንግዳ። መሀል ላይ እያለቀስኩ አቋረጥኩ፤ ጠበቀኝ። የራሴን ቃል አንድም እንዳልጨምር ተጠነቀቅሁ።

ስጨርስ ስልኩን አወጣ። "አስቀይረዋለሁ" አለ። ቀጥሎም "የዘጠኙ ጥይትም ክብደቱ ይለያያል። የትኛውን ነበር የሚወደው?" ሲል ጠየቀኝ።

ወንድሜን ያንን አልጠየቅሁትም ነበር። ልከራከረው ስቸኩል።

"አላውቅም፣ ጋሼ" አልኩት። እጁን ይዤ ወደ ድንኳኑ መለስኩትና ሽማግሌው አጠገብ አስቀመጥኩት። የሠራሁትንም ለእሳቸው እንደገና፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ተናገርኩ።