የኮርኒሱ ሳል

ልጅ ሳለሁ ምላሴ አያርፍም ነበር። እናቴ «ይቺ ልጅ ሆዷ ነገር አያሳድርም» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ያኔ ያስቅ ነበር።

አባቴ የእርሻ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ወደ አምቦ ሲዛወር፣ ሁሉቃ ወንዝ አጠገብ ካለ ግቢ ቤት ተከራየን። ግቢው ውስጥ ሦስት ቤት ነበር፤ የእኛ፣ የእትዬ አስካለና የእማማ ጫልቱ። እማማ ጫልቱ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ድምፃቸው ጎርናና፣ ቶሎ ቱግ የሚሉ ሴት ነበሩ፤ ተረት ላይ ግን የሚያህላቸው አልነበረም። ሲመሽ የግቢው ልጆች ምድጃቸውን ከበን እንቀመጣለን፤ ኩራዙ ይጨሳል፣ ፍሙ ላይ የባኮ በቆሎ ይንጣጣል፣ እሳቸውም «ዱሪ፣ ዱሪ» ብለው ይጀምራሉ፤ ድሮ፣ ድሮ ማለታቸው ነው። ቀበሮዋ በኦሮምኛ ታታልላለች፣ ጅቡ በአማርኛ ይታለላል፤ እኛ በሁለቱም እንስቃለን።

አንድ ማታ ግን የጀመሩልን የጅብ ተረት አልነበረም። አንድ ሰው ሮጦ ከማያውቀው ሽማግሌ ቤት ይገባና ምሰሶውን አቅፎ «በእጅህ ነኝ» ይላል። ሽማግሌው አብልቶ አጠጥቶ ሳይጨርስ ጎረቤቶች የሽማግሌውን ልጅ ሬሳ ተሸክመው ይመጣሉ። ገዳዩ ለካስ ያ እንግዳ ኖሯል! «ከዚያስ?» አልን በአንድ አፍ። «ከዚያማ ሽማግሌው ጦሩን አነሳ። አስቀመጠው። ደግሞ አነሳው...» ሲሉ፣ ከራሳችን በላይ፣ ከአቡጀዲው ኮርኒስ ውስጥ ሰው አሳለ። እማማ ጫልቱ ወዲያው እሳቸውም ጮክ ብለው አሳሉና «ይሄ ጭስ ሊገድለኝ ነው! በሉ፣ ወደየቤታችሁ!» ብለው አባረሩን።

ዘመኑ የአሰሳ ዘመን ነበር፤ ወጣት የሆነ ሁሉ ይፈለግ ነበር። እማማ ጫልቱ አንድያ ልጃቸውን ገመቹን «ነቀምቴ አጎቱ ዘንድ ሄዷል» ይሉ ነበር። በኋላ እንደሰማነው ግን ኮርኒሱ ላይ ተደብቆ፣ በጌዶ በኩል የሚያሻግረው የጭነት መኪና ይጠብቅ ኖሯል። የቀረው ሁለት ቀን ብቻ ነበር።

በማግስቱ ለስኳር ቀበሌ ሱቅ ተሰልፌ፣ ከፊቴ ለቆመች ጓደኛዬ «የእማማ ጫልቱ ኮርኒስ ያስላል!» አልኳት። እንድትስቅልኝ ነበር፤ ሳቀችልኝ። ሰልፍ ያስከብር የነበረው አብዮት ጠባቂ ግን አልሳቀም። የእትዬ አስካለ ወንድም ነበር። ጎንበስ ብሎ «የቱ ኮርኒስ፣ ቆንጆ?» አለኝ። ነገርኩት። ወይ ምላሴ! ከረሜላ እንኳ አልሰጠኝም።

በዚያው ቀን ከሰዓት ኮርኒሱን በሳንጃ ቀደው ገመቹን አወረዱት። እማማ ጫልቱ የጠባቂውን እግር ይዘው እስከ ግቢው በር ተጎተቱ። እኔ እናቴ ቀሚስ ውስጥ ተሸጉጬ አየሁ፤ የሆነው በምን እንደሆነ ያኔውኑ ገባኝ።

ሰፈሩ ግን በእትዬ አስካለ ፈረደ። «ወንድሟ አይደል የወሰደው? ሌላ ማን ይነግረዋል?» ተባለ። ሰላምታ ነሷት። እሳት ልትጭር ስትሄድ «አልነደደልንም» ይሏታል፤ ጭሱ ከጣሪያው እየወጣ። እሷና እማማ ጫልቱ የአንድ ማርያም ማኅበር ጽዋ ጠጪዎች ነበሩ፤ የተጣላ ሰው ባለበት ደግሞ ጽዋ አይነሳም። የወሩ ተራ የእሷ ሆነና የማኅበሩ መሪ «በማርያም ዕለት በጽዋው ፊት ትማል፤ አለዚያ ከማኅበራችን ትውጣ» ብለው ቆረጡ። ከማኅበር የወጣ ሰው በዚያ ሰፈር ሲሞት ማን ይቀብረዋል?

እትዬ አስካለ እናቴ ዘንድ መጥታ አለቀሰች። «እንዴት አድርጌ ልማል? ሳላውቀው አምልጦኝ ነግሬው እንደሆነስ?» አለች። ምንም ያላደረገችውን ሴትዮ ራሷን እስከመጠርጠር አደረስናት። እኔ እህል አልወርድ አለኝ፤ እናቴ ቡዳ ነው ብላ ጤና አዳም ታሸተኛለች።

በዋዜማው፣ ሲመሽ፣ እማማ ጫልቱ ቤት ገባሁ። ኮርኒሱ እንደተቀደደ ተንጠልጥሏል። «ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ነይ፣ ልጄ። ያ ቃል ጨረሰኝ። «እትዬ አስካለ አይደለችም፤ እኔ ነኝ» ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ፍም የሚቆሰቁሱበትን እንጨት አነሱ። አስቀመጡት። ከዚያ «ውጪልኝ፤ ዓይኔ አይይሽ!» ብለው ጮኹ።

በማርያም ዕለት ስሜ አሁን ይጠራል እያልኩ እትዬ አስካለ በር ሥር ቆምኩ። ጽዋው መሃል ተቀምጧል፤ እትዬ አስካለ ከንፈሯ ደርቋል። ያን ጊዜ እማማ ጫልቱ አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው፣ እንደ በደለኛ ጎንበስ ብለው ገቡ። «ሳላይ የፈረድኩት እኔ ነኝ። አስካለ፣ ስለ ማርያም ብለሽ ይቅር በይኝ» አሉ። እትዬ አስካለ ድንጋዩን እያለቀሰች አወረደችላቸው። መሪው «ታዲያ የተናገረው ማነው?» ቢሏቸው፣ «እግዜር ያውቀዋል፣ እኔም አውቀዋለሁ፤ ይበቃል» አሉ ቱግ ብለው። ጽዋው ዞረ።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት በራቸው ላይ ቆመው ጥቂት ያዩኝና «ደኅና አደርሽ?» ይሉኝ ነበር። አንዳንድ ቀን ሰላምታው ይዘገያል፤ ያኔ ከቆምኩበት አልነቃነቅም። እንዲህ ስንት ዓመት ኖርን።

ደርግ ወድቆ እስር ቤቶች ሲከፈቱ፣ እማማ ጫልቱ የተፈታ ሁሉ ቤት እየዞሩ ጠየቁ። ገመቹ አልነበረም፤ አየሁት ያለም አልተገኘ። እኔ ያኔ አስተማሪ ሆኛለሁ። ላጽናናቸው ሄጄ፣ ያን ሁሉ ዓመት ያፈንኩትን ጠየቅኋቸው፤ «እማማ፣ ይቅር ብለውኛል?»

«ብዬሻለሁ።»

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት» አሉ። ግራ ገብቶኝ ሳያቸው ተቆጡ። «ትናንትም ብዬሽ ነበር። ምነው፣ አንዴ ተብሎ የሚበቃ መሰለሽ? ሌሊት ይጠፋብኛል፤ ሲነጋ እንደገና እጀምራለሁ።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። ውሸት ነው፤ የወጋም አይረሳም። እማማ ጫልቱን ከቀበርን ብዙ ዓመት ሆነን፤ እኔም አረጀሁ። ቅዳሴ ላይ «በደላችንን ይቅር በለን» ሲባል ከሕዝቡ ጋር እላለሁ። ጠዋት ስነሳ ግን በሬን ሳልከፍት ጥቂት እቆማለሁ። የዛሬውን «ይቅር» ማን ይለኛል?