ዳማከሴና መርፌ

ጎንደር፣ የወላጆቼ ግቢ በር አጠገብ ዳማከሴ አለ። ቁመቱ ደረቴ ድረስ ይመጣል። ክረምቱ ሲወጣ ነጣ ያለ ሐምራዊ አበባ ያወጣል፤ ንብ አይጠፋበትም። የሰፈሩ ሰው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ምች በመታው ቁጥር በራችንን አንኳኩቶ ይቆርጣል፤ እናቴ ማንንም ከልክላ አታውቅም። እኔም ራሴን ሲያመኝ ቅጠሉን በመዳፌ አሽቼ አሸተዋለሁ፤ ይሻለኛል። ይህን የምናገረው ቅጠል የምንቅ ሰው እንዳልሆንኩ እንዲታወቅልኝ ነው። እህቴ ግን በዚሁ ቅጠል ሰበብ ልትሞትብኝ ነበር።

ታናሽ እህቴ አይከል ከተማ ነው ያገባችው። ባሏ ሰሊጥ ነጋዴ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ቆላ ወርዶ ይሰነብታል። ባለፈው ጥቅምት እሷም ተከትላው ወርዳ ከርማ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ስልኳን ማንሳት አቆመች። ስደውል የሚያነሱት አብረዋቸው የሚኖሩት የባሏ አክስት ናቸው።

"ትንሽ ምች ቢጤ መቷት ነው፤ ተኝታለች" ይሉኛል።

በማግስቱም ተኝታለች። አንድ ቀን "ድምጿን ልስማ!" ብዬ ጮህኩ። ስልኩን ሰጧት፤ የተናገረችው አንድም አልገባኝ፣ ምላሷ ተሳስሯል። የጨርቅ ሱቃችንን ለወንድሜ ትቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ለፍተሻ ባስወረዱን ቁጥር መሬቱን በእግሬ እደበድብ ነበር።

ስደርስ ቤቱ በጠያቂ ተሞልቷል። እህቴ ፍራሽ ላይ ተጋድማለች። ግንባሯ፣ አፍንጫዋ፣ አንገቷ በዳማከሴ ጭማቂ አረንጓዴ ሆኗል። ብነካት እሳት ናት። ዓይኗ ቢጫ ሆኗል፤ አየችኝ እንጂ አላወቀችኝም።

"ሐኪም ቤት ወስዳችኋታል?" አልኩ።

"ምነው ልጄ!" አሉ አክስትየው። "ምች እኮ ነው። ምች መርፌ አይወድም፤ ከተወጋች አለቀላት። ቅጠሉን እየጨመቅን ነው፤ ይለቃታል።"

ወደ ባሏ ዞርኩ። ስልኩን እንደያዘ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። "እትዬ ያውቁበታል ብዬ ነው" አለኝ። ሰሊጡን ለማስጫን መኪና ሲያሯሩጥ የሚውል ሰው፣ ለሚስቱ አንድ ባጃጅ መጥራት አቅቶት! በጥፊ ልለው እጄ ተነሥቶ ነበር፤ እንዴት እንደመለስኩት አላውቅም።

አንድ ሽማግሌ ጠያቂ "እስኪ ረጋ በይ፣ ዱዓ ተደርጎላታል" አሉኝ።

"አያ፣ ዱዓው ይቀጥል። እኔ ግን ይዣት እሄዳለሁ።"

ላነሣት ጎንበስ ስል አክስትየው ክንዴን ያዙኝ። "ብትሞት በአንቺ እጅ ነው!"

"ልቀቂኝ!" አልኳቸው። ከዚያ ቀን በፊት "እርስዎ" እንጂ "አንቺ" ብያቸው አላውቅም። ክንዴን ለቀቁኝ። ያን ጊዜ ነው ባሏ እንደ ነቃ ሰው ተንቀሳቅሶ እግሯን የያዘልኝ።

ጤና ጣቢያ ደሟ ሲታይ ወባ ነው፤ ያውም ክፉው ዓይነት። ባለሙያው ግንባሯን አይቶ እዚያው ሰው ፊት ጮኸብኝ። "ሣር ስትለቀልቁ ከርማችሁ ሲብስባችሁ እኛ ላይ ታመጣላችሁ!"

እኔ ራሴ በመንገድ ላይ ከዚህ የባሰ ስናገር ነው የመጣሁት። ከእሱ አፍ ስሰማው ግን ደሜ ፈላ። "ሣር አይደለም፣ ዳማከሴ ነው! እናትህም ቀብታሃለች! አሁን መድኃኒቱን ስጣትና ከዚያ ስደበኝ!" አልኩት። እሱ ጉሉኮሱን ሰቀለ። እኔ የሻሼን ጫፍ አርሼ ግንባሯን ጠረግኩላት። ቶሎ አይለቅም ነበር።

መርፌ ተወጋች፤ አልሞተችም። በማግስቱ ጠዋት በስሜ ጠራችኝ። ሲመሻሽ አክስትየው አጥሚት ይዘው መጡ፤ ቁጭ ብላ ሲያዩዋት እንባቸው ወረደ።

"አልሐምዱሊላህ! ዳማከሴው ባይዝላት ኖሮ እዚህስ መቼ ትደርስ ነበር!"

ክፉ እንዳልናገር ሻሼን አንሥቼ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ አልኩ፤ ድንጋይ አንሥቼ አጥሩ ላይ ወረወርኩ። ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር፤ ይየኝ።

እህቴ ሻል ሲላት ጎንደር አምጥቼ አስታመምኳት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ እየሞቀች እኔ ባሏንና አክስቱን ስረግም ሰማችኝና "በቃሽ" አለች። "አንቺ መጥተሽ ትሄጃለሽ። አብሬያቸው የምኖረው እኔ ነኝ። በዚያ ሁሉ ጭንቅ ውስጥ እትዬ እጃቸውን ከግንባሬ አላነሡም፤ ጎናቸው አላረፈም።"

"ሳያርፉ ሊገድሉሽ ነበር።"

"አውቃለሁ" አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። "አውቃለሁ እኮ።"

ወደ አይከል ከመመለሷ በፊት ስልኩን ከፍ አድርጋ እያሰማችኝ አክስትየውን አነጋገረቻቸው። "እትዬ፣ ዳግመኛ ካመመኝ መጀመሪያ ደሜ ይታያል። ቅጠሉ ከዚያ በኋላ ነው።" "እሺ፣ እንዳልሽ" አሉ አክስትየው። ከእኔ ጩኸት ያልተገኘው በእሷ ለስላሳ ቃል ተገኘ፤ ይሄም አናደደኝ።

ለኢድ ባሏ በግ ይዞ ሲመጣ ሰላምታውን መለስኩ፤ አጠገቡ ግን አልተቀመጥኩም። እናቴ "አሁንስ ይበቃል፣ ልጅቱ ድናለች" ትለኛለች። ድናለች፤ እውነት ነው። እኔን ግን አልበቃኝም።