መጨረሻውን አልነግራችሁም

ከዱባይ ወዲህ፣ አጅማን፣ አል ራሺዲያ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ቤድ ስፔስ፣ አልጋ ብቻ በሚከራይባት ክፍል ውስጥ መጽሐፍ እንደ ዳቦ ይቆረሳል። ይህን ሰምቶ የሚያማትብ ምሁር ካለ ያማትብ። ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ በርበሬና ሽሮ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ለመጽሐፍ የምትተርፈው ጥግ የምትበቃው ለአንድ ብቻ ነው። አንባቢዎቹ ግን ሦስት ሴቶች ናቸው፤ የሦስቱ ትዕግሥት ተጠራቅሞ ለአንድ ሰው አይበቃም። ስለዚህ ኑኑ፣ ዱባይ፣ ዲራ ሰፈር ምግብ ቤት ሽንኩርት የምትከትፈዋ፣ መጽሐፉን አስተኝታ በቢላዋ ከሦስት ትከፍለዋለች። የመጀመሪያውን ክፋይ ራሷ ትወስዳለች፤ ቢላዋ የያዘ እጅ መቼ ጾሙን አድሮ ያውቃል? መካከለኛው ለፈትለወርቅ ይደርሳል። መጨረሻው የሳባ ነው። ሳባ ቢሮ የምታጸዳ ልጅ ናት፤ መጨረሻውን ሳያውቁ መጽሐፍ መጀመር ዋጋ ሳይጠይቁ ዕቃ መግዛት ነው ባይ ናት። ከዚያ ይቀያየራሉ። መቀያየር እንኳ ወጉ ነው፤ ሳባ እጅ የገባ ክፋይ ግን ወይ ሜትሮ ባቡር ላይ ይረሳል፣ ወይ ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ ወይ የድስት ማስቀመጫ ሆኖ ይገኛል።

ፈትለወርቅ ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል። ቀን ቀን ላውንደሪ ቤት ቆማ ካንዱራ የሚሉትን የወንዶች ነጭ ቀሚስ ስትተኩስ ትውላለች። በዕረፍት ቀኗ ደግሞ ያነበበችውን በድምፅ እየቀዳች በየቤቱ ተቀጥረው መውጫ ላጡ ሴቶች በቴሌግራም ትልካለች። ምላሷ መርፌ ነው። አንድ የስኬት መጽሐፍ በደረሳት ጊዜ እንዲህ አለች፦

«ጸሐፊው ሀብታም መሆን ከፈለጋችሁ ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ተነሱ ይላል። እህቶቼ፣ እኛ ከአስራ አንድ ሰዓት በፊት መነሳት ከጀመርን ስንት ዘመናችን! ሀብቱ የት ቀረ? የምትቀሰቅሰን ማዳም መሆኗ ነው መሰል ያበላሸው።»

የወንጀል ልቦለዱንም አልማረችውም። «መርማሪው ከሚያስበው የሚያጨሰው ይበልጣል። ብርጭቆውን ማን እንደሰበረው ፊታችንን አይታ የምታውቅ አንዲት ማዳም ብትቀጠር ኖሮ፣ ገዳዩ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ይያዝ ነበር።» ስለ ታሪክ መጽሐፉ ደግሞ «ሁለት መኳንንት በአንዲት በቅሎ ተጣልተው ሠላሳ ገጽ ሄደ። በቅሎዋን ማን ያበላት እንደነበር አንድ መስመር የለም» አለች። ግጥሙ ሲመጣ የባዶው ወረቀት ብዛት አንገበገባት፤ በዚያ ፋንታ ሽሮ ይጫን ነበር። «አንዷ ግጥም ብቻ አስለቅሳኛለች። እሷንም አልወደድኳት፤ ሹግል ላይ፣ ካውያ ይዤ ነው ያስለቀሰችኝ።»

ሁሉንም የምትዘጋው በአንድ ቃል ነው፦ «መጨረሻውን አልነግራችሁም፤ ስትወጡ ራሳችሁ ታነቡታላችሁ።»

ሴቶቹ ይህችን ቃል እንደ ምርቃት ይሰሟታል። «ስትወጡ» ማለቷ መውጣት የሚባል ነገር መኖሩን ያስታውሳቸዋል። ፈትለወርቅም ሥርዓት የምታውቅ አንባቢ ተባለች። እውነቱ ግን ሌላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻውን የማትነግራቸው ስላልደረሳት ነበር። ይህንን ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛዋለች።

ሲምረት ከአድማጮቿ አንዷ ናት። ሻርጃ አንድ ቪላ ውስጥ ትሠራለች፤ የስልኩን ማዳመጫ ከሻሿ ሥር ሸጉጣ፣ እየወለወለች ታዳምጣለች። ሁልጊዜም ለብቻ ትጽፍላታለች፦ «እትዬ ፈትሌ፣ በማርያም፣ ለኔ ብቻ መጨረሻውን ንገሪኝ።» ፈትለወርቅ ትስቅና «እምቢ» ትላለች።

ያ ልቦለድ እስኪመጣ ድረስ እንዲህ ነበር። በልቦለዱ አንዲት ሴት የምትጠባ ልጇን ለእህቷ ትታ ሩቅ አገር ትሄዳለች፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ትመለሳለች። ፈትለወርቅ መካከለኛውን ክፋይ እየተረከች ሴትዮዋን እስከ ግቢው በር አደረሰቻት። ልጅቷ ሳህን ታጥባለች። የበሩን ድምፅ ሰምታ ቀና አለች፤ ሴትዮዋን አየቻት። እዚያ ላይ የኑኑ ቢላዋ አርፏል። ሦስተኛው ክፋይ ደግሞ ከተማ ለቋል፤ ሳባ አል አይን ሥራ አግኝታ በጥድፊያ ስትወጣ ከልብሷ ጋር ጠቅልላ ይዛው ሄዳለች።

ሲምረት በዚያ ሳምንት አልጻፈችም፤ ደወለች።

«እትዬ፣ ልጅቷ አወቀቻት?»

«ስትወጪ ታነቢዋለሽ አላልኩም?»

«ተዪ አሁን፣ ቀልድ አይደለም። ኮንትራቴ አልቋል። ማዳም ሁለት ዓመት ጨምሪ እያለች ነው። ኤልሻዳይን ትቻት ስመጣ መዳህ እንኳ አልጀመረችም፤ ዛሬ ተማሪ ናት። እህቴን ነው እማዬ የምትላት። በስልክ ሳወራት ትሸሻለች። የመጽሐፉ ልጅ እናቷን ካወቀቻት አገሬ እገባለሁ። ካላወቀቻት ለማዳም እፈርማለሁ። ኸላስ፣ አለቀ። ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።»

ልቦለድ አምኖ ትኬት ይቆረጣል ወይ የሚል ይኖራል። ታዲያ ማንን ትጠይቅ? እህቷ «ነይ» ትላለች፤ ሰው በስልክ ከዚህ ሌላ ምን ይላል? ኤጀንሲው ፈርሚ ይላል። ማዳምም ፈርሚ ትላለች። ከመጽሐፉ በቀር ከእሷ ጥቅም የማይፈልግ አልነበረም።

ፈትለወርቅ መልሱን ታውቀዋለች፤ ከመጽሐፉ ሳይሆን ከራሷ ኑሮ። ልጇን ናኦልን ለወንድሟ ትታ ነው ከጎንደር የወጣችው። አንድ ጊዜ ሄዳ ስታየው፣ ለእንግዳ እንደሚደረገው ቆሞ እጁን ዘረጋላት። ዛሬ ጢም አውጥቷል፤ ስትደውልለት «ደህና ነኝ፤ እሺ፤ ቻው» ይላታል። ይህን ለሲምረት መንገር ነበረባት። አንጀቷ እምቢ አለ። ሲምረት በስልክ ስትተነፍስ እየሰማች፣ የናኦልን የተዘረጋ እጅ ለሌላ ሰው ማቀበል አልሆነላትም።

«አወቀቻት!» አለች። «እንዴት አታውቃትም? በጠረኗ አወቀቻት!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሲምረት እየሳቀች አለቀሰች፤ ወሩ ሳያልቅም ተሳፈረች።

ሦስተኛው ክፋይ በሌላ ሰው እጅ ከአል አይን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እርድ ነክቶት፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ። ፈትለወርቅ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ገለጠችው። ልጅቷ ቀና ብላ አየች፤ ሳህኑን ጣለች፤ «እማዬ!» ብላ ሮጠች። እዚያው መጀመሪያው ገጽ ላይ! ፈትለወርቅ ወረቀቱን ሳመችው። አልዋሸችም ማለት ነው። መኳንንቱን፣ ባለቅኔውን፣ መርማሪውን ያልማረች ሴት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ መጽሐፍ ላይ እንከን ሳታወጣ ቀረች።

የሲምረት ድምፅ ከደብረ ታቦር የመጣው ፈትለወርቅ ካውያ ይዛ በቆመችበት ነው።

«እትዬ ፈትሌ፣ እንደምን አለሽ። ደህና ገብቻለሁ። ኤልሻዳይ አድጋለች፤ ታምራለች። ስታየኝ እህቴ ኋላ ተደበቀች። መጀመሪያ አፍራ ነው ብዬ ነበር። አሁን ትንሽ ለምዳኛለች፤ አክስቴ ትለኛለች። የገዛሁላትን ጫማ አድርጋለች። ማታ ማታ ግን ለእህቴ በጆሮዋ ‹እንግዳዋ መቼ ነው የምትሄደው?› ትላታለች። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ይሰማኛል።»

ወቀሳ የለበትም። ቢኖርበት ኖሮ ይሻል ነበር። ፈትለወርቅ ካውያውን አስቀምጣ ይቅርታ ልትቀዳ ስልኩን አነሳች፤ ግን ምን ብላ? ሳላነብ ነው የነገርኩሽ እንዳትል፣ መጽሐፉም እንደ እሷው አወቀቻት ይላል። ውሸቷን መጽሐፉ መስክሮላታል፤ የሚናዘዙት ኃጢአት እንኳ አላተረፈላትም።

በዕረፍት ቀኗ እንዲህ ብላ ቀዳች፦ «ይህ ልቦለድ ውሸታም ነው። የጻፈው ሰው ልጅ ጥሎ ሄዶ አያውቅም። ሳህኑ ነው እውነቱ፤ ልጅቷ ሳህኗን ማጠብ ትቀጥላለች።» ከዚያ የሴቶቹን ስም ከላይ እስከ ታች አየች። ልጅ ትታ ያልመጣች በጣት የምትቆጠር ናት። አጠፋችውና እንደገና ቀዳች። «ጥሩ መጽሐፍ ነው። መጨረሻውን አልነግራችሁም፤ ስትወጡ ራሳችሁ ታነቡታላችሁ» አለች። ድምፅዋ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም፤ የታዘባት መኖሩን አናውቅም።

ክረምቱ ሲወጣ ከማታውቀው ቁጥር መልእክት ገባላት። ሲምረት ናት። ተመልሳለች፤ ኤጀንሲው አዲስ ቤት ሰጥቷታል፤ እዚሁ አጅማን፣ ከላውንደሪ ቤቱ የማይርቅ ቪላ ውስጥ። ከቤት ግን አትወጣም።

«ቤቱ ደህና ነው፣ እትዬ። ልጆቹ ገና ሕፃናት ናቸው፤ ትንሿ ያለኔ አትተኛም። አዲስ መጽሐፍ መጥቷል አሉ። ላኪልኝ፣ ሌሊት እሰማዋለሁ። መጨረሻውን ግን፣ አንቺ ብታውቂውም፣ እንዳትነግሪኝ።»