ወንበሯን ግድግዳ ላይ የሰቀለችው እጮኛዬ

አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ እንደኔ ሚስት የፈለገ የለም፤ ከመዞሬ ብዛት የጫማዬ ሶል አልቆ በካልሲ ቀርቻለሁ። በመጨረሻ ግሮቭ ሲቲ ባለው የዕቃ መጋዘን አብራኝ የምትሠራው ሰላም ልቤን ወሰደችው። ኮቪድ ጋብ ሲል ሥራ ለቀቀች፤ «ሼከር የሚባሉ ክርስቲያኖች ጋር ገብታለች» አሉኝ። እኔ የጽዋ ማኅበር መስሎኝ ደስ ብሎኝ ሽማግሌ ላክሁ።

ሽማግሌው ጋሼ ተሰማ ናቸው። መኪናውን የሚነዱት ግን ሚስታቸው እትዬ በላይነሽ ናቸው። እኔም አላስችል ብሎኝ ተከተልኳቸው።

ዋይትሆል ሰፈር ያለው ቤቷ እንደገባን ጋሼ፣ «ልጃችንን እሺ ካላልሽው አንቀመጥም!» አሉ።

«ይቁሙ ጋሼ፤ ወንበሮቹም ተሰቅለዋል። የሼከር ልማድ ነው» አለች። እውነትም ግድግዳው ላይ እንደ ቋንጣ ተንጠልጥለዋል።

«ልጃችንስ ታዲያ?» አሉ ጋሼ።

«እኛ አናገባም። ባልና ሚስት እንኳ ሲገቡ እንደ እህትና ወንድም ተለያይተው ነው የሚኖሩት። እየዘፈንን፣ እየጨፈርን እንጸልያለን፤ በቃ።»

ልቤ ወለሉ ላይ ሲወድቅ የታች ቤቱ ጎረቤት ጣሪያውን ደበደበ።

ጋሼ ሊማጸኑልኝ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እትዬ በላይነሽ ማስካቸውን ዝቅ አድርገው ቀደሟቸው፦

«የኔ ልጅ፣ ባልን ይዞ መምጣት ግዴታ ነው ወይስ ብቻዬንም ትቀበሉኛላችሁ?»